194,313፦ ሳምንት፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚገናኙበት ቁጥር

በዚህች ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት አንድ ቁጥር ነው፤ 194,313። ሲያዩት ምንም አይልም። መጨረሻው ዜሮ አይደለም፣ የማንም ቁጥር ስኩዌር አይደለም፣ መኪና ታርጋ ላይ ቢጻፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይሁን እንጂ 532 ዓመት በቀን ሲመነዘር የሚመጣው እሱ ነው። 532 ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ወይም ዐውደ ቀመር የሚሉት ዙር ነው። ይህ ዙር ሲሞላ የሳምንቱ ቀን፣ የወንጌላዊው ዘመንና የጨረቃው ሒሳብ ሦስቱም በአንድ ላይ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ፤ ፋሲካም የሄደበትን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደግመዋል።

ይህንን ለሒሳብ ቡለቲን ልጽፍ ነው ስላቸው "እሱ የቄሶች ነው፣ እኛን ምን አገናኘን?" ያሉኝ የዶርም ልጆች አሉ። እኔ አልስማማም። በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ስለ ቀሪ፣ ስለ ትንሹ የጋራ ብዜትና "የቻይናውያን የቀሪ ቲዎረም" ስለሚባለው ስንማር ምሳሌው ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። እዚሁ አጠገባችን የቆሎ ተማሪው በቃሉ የሚሠራው ሒሳብ ያው ቲዎረም መሆኑን የሚነግረን የለም። ስልካችን ላይ ያለው ካላንደር ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግረናል፤ ለምን በዚያ ቀን እንደዋለ ግን አይነግረንም። እስቲ "ለምን" የሚለውን እንፈልገው።

ከሳምንቱ እንነሣ። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 52 ደርሶ 1 ይተርፋል። እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን የምትገፋው በዚችው ትርፍ ምክንያት ነው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ስትሆን ሁለት ቀን ትዘላለች። አራቱን ዓመት ብንደምረው 1,461 ቀን ይሆናል፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፈዋል። 1,461 ከ3 እና ከ487 በቀር ብቸኛ አካፋይ የለውም። (487 ራሱ ብቸኛ ቁጥር፣ ክፍል ውስጥ ፕራይም የምንለው፣ መሆኑን ለማጣራት እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 23 በ23 ሲባዛ 529 ስለሚሆን ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም።) በውስጡ 7 ስለሌለ ሳምንቱን ለመዝጋት 7ን ከውጭ ማምጣት ግድ ነው፤ 7 × 1,461 = 10,227 ቀን፣ ማለትም 28 ዓመት። ይህ ዙር ዐውደ ፀሐይ ይባላል። "ሰባት ቤት አገው" በሚባልበት አገር 7 ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን ቁም ነገሩ 7 አለመከፈሉ ነው። ሳምንቱ 6 ቀን ቢሆን ኖሮ 3ን ከ1,461 ጋር ስለሚጋራ በ8 ዓመት ብቻ ይዘጋ ነበር።

በእኛው በዓል እንሞክረው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጥር 23 የማይንቀሳቀስ ቀን ስለሆነ ጨረቃ አያገባትም። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 23 ያለው ርቀት 142 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 የዋለበትን አውቆ ሁለት ቀን መጨመር ብቻ ነው። መስከረም 1 የሚውልበትን ለማግኘት ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ማውጣት፣ እሱን ለ4 አካፍሎ ድርሻውን መልሶ መደመር፣ ድምሩን ለ7 ማካፈል ነው። 0 ከቀረ ሰኞ፣ 1 ከቀረ ማክሰኞ፣ እንዲህ እያለ እስከ 6፣ እሑድ ድረስ ይሄዳል። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2፤ ሁለት ከቀረ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 + 1879 = 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ሐሙስ። ስለዚህ ጥር 23 ቀን 2018 ቅዳሜ ነው። በ2019 እሑድ ይሆንና በ2020 ሰኞን ዘሎ ማክሰኞ ይውላል፤ ምክንያቱም 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 አለችው።

ዳንግላ አጎቴ ቤት የ1990 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር አሁንም ተሰቅሎ አለ። ለምን እንደማያነሣው ስጠይቀው "ይመለሳል፣ አይጣልም" አለኝ። 1990 + 28 = 2018 ስለሆነ አጎቴ ግማሽ ልክ ነው። መስከረም 1 በሁለቱም ዓመት ሐሙስ ነው፣ ሁለቱም ዘመነ ማርቆስ ናቸው፣ እንቁጣጣሽም መስቀልም ገናም ጥምቀትም በዚያው ቀን ይውላሉ። ፋሲካ ግን በ1990 ሚያዝያ 11 ነበር፤ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው። ያንን ካላንደር አምኖ ጾም የሚይዝ ሰው አንድ ሳምንት ይሳሳታል። ጨረቃዋ አልገባችማ!

የጨረቃው ነገር እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ይሆናል፤ ከ365 ሲቀነስ 11 ይተርፋል። ይህች 11 ጥንተ አበቅቴ ናት። ከ30 ሲቀነስ የሚቀረው 19 ደግሞ ጥንተ መጥቅዕ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚቀረው መደብ ይባላል፤ ከመደቡ 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ይህቺ የ1 ቅነሳ ነገር አልገባ ብላኝ አንድ የዳንግላ መሪጌታን "የኔታ፣ ለምንድነው አንድ የሚነሣው?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ ያላለቀ ዓመት እንዴት ይቆጠራል?" አሉኝ። ማለታቸው ጥንድ ጥንዱን የሚያስኬደው የሞላው ዓመት ብዛት ነው፤ ስለዚህ ወንበር ከ0 እስከ 18 ይሄዳል። የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ከዜሮ መቁጠር የእነሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ለ2018 እንሥራው። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ወንበሩ 12። አበቅቴ 12 × 11 = 132፣ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 12። መጥቅዕ 12 × 19 = 228፣ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፣ ምክንያቱም 11 እና 19 በሞዱሎ 30 አንዱ የሌላው ተቃራኒ ናቸው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ የ2018 መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፤ እሑድ። እሑድ ተውሳኳ 7 ነው፤ 18 + 7 = 25። ይህ መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4፤ ፋሲካ።

ተውሳክ የሚባሉትን ሰባት ቁጥሮች (ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2) ብዙ ሰው በቃል ብቻ ነው የሚይዛቸው። ምሥጢራቸው ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር፣ 120 ቀን አለ፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። መስከረም 18 እሑድ ከሆነ ጥር 18 ሰኞ ነው፤ 7 ቢጨመር ተመልሶ ሰኞ። መጥቅዕ ቅዳሜ ቢውል በጥር እሑድ ይሆናል፤ 8 ሲጨመር እንደገና ሰኞ። ሰባቱንም ሞክሯቸው፤ ሁሉም ነነዌን ሰኞ ላይ ለማሳረፍ የተቆረጡ ናቸው። 69 ደግሞ ለ7 ሲካፈል 6 ስለሚተርፈው ሰኞን ወደ እሑድ ያደርሰዋል። እኔ ይህንን በእንጅባራ ብርድ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ደብተር ላይ ሳወጣ ከኮርሱ ሁሉ ያልተሰማኝ ደስታ ነው የተሰማኝ።

አሁን አንድ እንቅፋት አለ። ወንበር 18 ላይ አበቅቴ 18 ነው። በሚቀጥለው ዓመት 11 ቢጨመር 29 ይሆናል፤ ሕጉ ግን ወንበር 0 ነውና አበቅቴ የለም ይላል፣ ማለትም 30 መሙላት ነበረበት። 19 × 11 = 209፣ 209 ደግሞ ከ210 አንድ ያንሳል። በ19 ዓመት አንድ ቀን በዝምታ ይዘለላል ማለት ነው። ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ማስተካከያ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ የምትፈልገው እሱን ነው። 19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወር አለ። በቀን ግን 19 ዓመት 6,939.75 ነው፤ ሩብ ቀን ያነሰው ዙር ነው። ሙሉ ቁጥር እንዲሆን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 76 ዓመት፣ 940 የጨረቃ ወር፣ 27,759 ቀን። ይህ ዐውደ ማኅተም ነው። 27,759 እና 940 የጋራ አካፋይ የላቸውም (940 የተሠራው ከ2፣ ከ5 እና ከ47 ነው)፤ ስለዚህ በዚህ አቆጣጠር ሙሉ ወርና ሙሉ ቀን ከ76 ዓመት በፊት በፍጹም አይገጣጠሙም።

የቀረው ሳምንቱ ብቻ ነው። 27,759 = 3 × 19 × 487። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፈዋል። በዚህም ምክንያት ከ2018 በ76 ዓመት የሚቀድመው 1942 ዓ.ም. ወንጌላዊውም አበቅቴውም አንድ ሆኖ ሳለ መስከረም 1 እሑድ ነበር እንጂ ሐሙስ አልነበረም። እዚህም 7 ከውጭ ትመጣለች፤

7 × 27,759 = 194,313 = 3 × 7 × 19 × 487።

አራት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ። አንዱም አይደገምም፣ አንዱም ትርፍ አይደለም። 7 ሳምንቱ ነው፣ 3 እና 487 የአራቱ ዓመት ናቸው፣ 19 የጨረቃዋ ነው። ከአራቱ አንዱን ብታወጡ አንዱ ዙር ይበጠሳል። ስለዚህ ሦስቱን ዙሮች የሚዘጋ ከዚህ ያነሰ ቁጥር የለም ብለን ስንል ግምት አይደለም፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፣ ማረጋገጫውም ከላይ ያለው አንድ መስመር ነው።

"ፋሲካ ሚያዝያ 4 ለመዋል 532 ዓመት ይጠብቃል ወይ?" የሚል ይኖራል። አይጠብቅም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ነው የሚመላለሰው፤ ሩቅ ሳንሄድ በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ውሏል። እንዲያውም በ2007 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፣ ነነዌም ጥር 25 ገብታለች። መንትያ የሚመስሉ ዓመታት ናቸው። ግን 2007 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ አበቅቴውም 11 ነው እንጂ 12 አይደለም። መጥቅዑ መስከረም 19፣ ሰኞ ዋለ፤ 19 + 6 = 25። በተለያየ መንገድ መጥተው አንድ በር የገቡ ናቸው፤ በማግሥቱ ዓመት ይለያያሉ። ዙር ማለት መልኩ ብቻ ሳይሆን አካሄዱ ሲደገም ነው።

ቲዎረሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 19 እና 28 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንድ ዓመት በ19ኙ ውስጥ ያለበትን ቦታና በ28ቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ ካወቅን በ532ቱ ውስጥ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ለማግኘት ሁለት ረዳት ቁጥሮች ያስፈልጉናል፤ 476 (ለ28 የሚካፈል፣ ለ19 ሲካፈል 1 የሚተርፈው) እና 57 (ለ19 የሚካፈል፣ ለ28 ሲካፈል 1 የሚተርፈው)። የ19ኙን ቀሪ በ476፣ የ28ቱን ቀሪ በ57 አባዝቶ መደመር ነው። 2018ን እንሞክር። በ19 ቀሪው 13 ነው። ዘመነ ማርቆስ ሆኖ መስከረም 1 ሐሙስ የሚውልበት ቦታ በ28ቱ ውስጥ 14ኛው ብቻ ነው። 476 × 13 = 6188፤ 57 × 14 = 798፤ ድምር 6986። ለ532 ሲካፈል 70 ይቀራል። 7518ም ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይቀራል። ገጠመ።

6986 ራሱስ ምንድነው? 5500 ቀንሱለት፤ 1486 ዓ.ም. ይመጣል። 2018 ሲቀነስ 532! የአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ያን ዓመትም መስከረም 1 ሐሙስ፣ ዘመኑ ማርቆስ፣ አበቅቴው 12፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ነበር። በሁለቱ ፋሲካዎች መካከል ያለው ርቀት ልክ 194,313 ቀን ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ብራናዎች የተጻፉበትን ዘመን ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ ዕለቱን ይጠቅሳሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ 532 ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምር ስለነበር ተመራማሪው በሁለት ዓመታት መካከል ይቆማል፤ ርቀታቸውም 532 ነው። በዙሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ሒሳቡ ይሰጠዋል፤ የትኛው ዙር እንደሆነ ደግሞ የንጉሡ ወይም የጳጳሱ ስም ይነግረዋል። የሒሳብ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ስለ ዘመን ቀመር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ነገሩ ቁም ነገር ቢኖረው ነው። እኛ የሒሳብ ተማሪዎች ግእዝ የሚያውቅ የታሪክ ተማሪ ጎን ብንቀመጥ ለሁለታችንም እንጀራ የሚሆን ሥራ ያለ ይመስለኛል።

ስለ ዓመተ ሰማዕታትም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ግብፆች የሚቆጥሩበት ይህ ዘመን የጀመረው በ277 ዓ.ም. ነው፤ በዓመተ ዓለም 5777። ከዚያ በፊት የሞላው ዓመት 5776 ነው። 5776 ደግሞ 76 × 76! በ76 ስለሚካፈል ከየትኛውም ዘመን ብትነሡ መደቡና ወንጌላዊው አይለወጥም። 2018 በዓመተ ሰማዕታት 1742 ነው፤ ለ19 አካፍሉት፣ ያው 13 ይቀራል። (ስታካፍሉ መሐል ላይ 19 × 91 = 1729 ያጋጥማችኋል፤ ራማኑጃን በሁለት መንገድ የሁለት ኪዩቦች ድምር ነው ብሎ ያስታወቀው ቁጥር። ከባሕረ ሐሳብ ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ይከብዳል።)

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ቁጥሮቹ ነው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ያለ አንዲት ቀን ስሕተት ይዘጋሉ። ሰማዩ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ 532 ዙሯን የምትጨርሰው በ194,308.85 ቀን ገደማ ነው፤ የእኛ ቁጥር ከአራት ቀን በላይ ይበልጣል። 6,580 የጨረቃ ወሮች ደግሞ 194,311.3 ቀን ገደማ ይፈጃሉ፤ ጨረቃዋም ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ትቀድመናለች። እ.ኤ.አ. በ1582 ሮማውያን አቆጣጠራቸውን ያሻሻሉት ይህንን ለማረም ነው። የከፈሉትን ዋጋ ግን እዩት። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የፋሲካ ቀናት ሙሉ ዙር የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው፤ በቀን 2,081,882,250። በሁለት ሺህ ሚሊዮን ቀን አንዴ የሚዘጋ ዙር ለማን ይጠቅማል? በራስ ተይዞ፣ በቃል ወርዶ፣ ያለ ወረቀት የሚሰላው የእኛው ነው። ለሰማይ ታማኝ መሆንና ለሰው እጅ የሚመች መሆን እዚህ ላይ ተለያዩ፤ እኔ በበኩሌ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ መስከረም 1 ከፈረንጆቹ 2100 በኋላ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 የሚሸጋገር መሆኑን እያወቅሁም ቢሆን።

አሁን ያለንበት ዙር ከዓመተ ዓለም ሲቆጠር 15ኛው ነው። የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ሲሆን 2018 ሰባኛው ዓመቱ ነው፤ የሚያበቃው በ2480፣ በዓመተ ዓለም 7980 ነው። 7980ን የሥነ ፈለክ ሰዎችም ያውቁታል፤ ስካሊጀር እ.ኤ.አ. በ1583 28ን፣ 19ን እና የሮማውያንን የ15 ዓመት ዙር አባዝቶ ያገኘው ዘመን ነው። የእሱ 15 ከግብር ዘመን የመጣ ነው፤ የእኛ 15 የዙር ተራ ቁጥር ነው። መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው።

ለአንባብያን አንድ ጥያቄ ልተው። ከ1500 ዓ.ም. በኋላ እንደተጻፈ የሚታወቅ አንድ ብራና አገኛችሁ እንበል። ዓመቱ ተፍቋል፤ የቀረው "ዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ሰኞ፣ አበቅቴ 22" የሚል ብቻ ነው። 476 እና 57 በእጃችሁ ናቸው። ብራናው የተጻፈው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? መልሱ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ካልገባላችሁ ሒሳቡን ከወንበሩ ጀምራችሁ ድገሙት።